ቃለ ጉባኤ ዘጭንቀት

«ጠርጥር፤ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እየተባለ ያደገ ሰው ገንፎውን በሰላም ይበላል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። ገንፎ እኮ ነው! አጥንት የለው፣ እሾህ የለው፤ ለአራስ የሚሰጥ፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የሚሰጥ የዋህ ምግብ። አባቶቻችን ግን እዚያም ውስጥ ገብተው ስንጥር አገኙ። ከገንፎው ሲነሡ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ። ይህም አልበቃ ብሏቸው «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብለው በሩን በላያችን ላይ ዘጉት። ልብ በሉ፤ ካልጠረጠርክ ትመነጠራለህ፣ ከፈራህ ደግሞ የፈራኸው ይደርስብሃል። ታዲያ በሁለቱ መካከል የቀረ ሰው ምን ያድርግ? መጨነቅ ነዋ!

በቤታችን በዚህ ሙያ አንቱ የተባለችው እናቴ ናት። እሷ ዘንድ ጭንቀት በሽታ ሳይሆን ግዴታ ነው። ልጅ መንገድ ከወጣ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጨነቅለት ሰው ሊኖር ይገባል። ለሥራ ጉዳይ ደሴ ስሄድ ደብረ ብርሃን ላይ ትደውላለች፣ ጣርማ በር ላይ ትደውላለች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ትደውላለች። መድረሴን ስነግራት «እሰይ! እንዲያው ስጨነቅ ዋልኩ እኮ» ስትል መኪናውን ራሷ ነድታ ያደረሰች ሰው ኩራት ድምፅዋ ውስጥ ይሰማል። ክርክሯም በቀላሉ አይረታም። እስካሁን የተጨነቀችባቸው አደጋዎች አልደረሱም፤ ስለዚህ ጭንቀቷ ሠርቷል። ሳትጨነቅ ብትውል ምን ይደርስ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ «እስቲ በእኔ ሞክሪው» የሚላት ልጅም አልወለደችም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ብዙ ሰው ጭንቀቱን የማይለቀው የሚጠቅመው ስለሚመስለው ነው ይላሉ፤ ክፉ ነገር ሳይደርስ ባለፈ ቁጥር ምስጋናውን ጭንቀቱ ይወስደዋል።

ከእናቴ ቀጥሎ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ አለች። ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አብልታ፣ ሶፋዋ ላይ አረፍ ስትል እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። እኛ ዘንድ በበጋቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አሁን ይህች ሰዓት በሀገራችን የምን ሰዓት እንደሆነች ለማንም አይጠፋውም። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ባለቤቴ እያማተበች ትነሣለች፤ እኔ በአንድ እግሬ ሱሪ እየፈለግሁ ማን ሊሆን እንደሚችል ከትልቅ ጀምሬ በዕድሜ ተራ እቆጥራለሁ።

«ሃሎ! ደህና ናችሁ?» ትላለች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም! ዝም ስትሉ ጊዜ ሐሳብ ገብቶኝ ነው። ደህና ከሆናችሁ በቃ ልተኛ።»

እሷ ትተኛለች። ጭንቀቷን ውቅያኖስ አሻግራ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ቀረጥ አስረክባን፣ ቀልሏት ትተኛለች። እኛ ግን እስኪነጋ ጣራውን እያየን እናድራለን።

እንግዲህ ሰው እንዲህ እንደምሆን ሲያይ ምክር አይነፍገኝም። ምክሩም አጭር ነው፦ «አትጨነቅ!» አንዳንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ይጨምርበታል። «አይዞህ»ን እወዳታለሁ፤ ቢያንስ ከጎኔ የቆመ ሰው መኖሩን ትነግረኛለች። «አትጨነቅ» ግን ትእዛዝ ናት፤ ያውም ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ዌግነር ይህን በ1987 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ፈትኖ አሳይቷል። ሐሳቡን ያገኘው ከዶስቶየቭስኪ የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ ደራሲው ስለ ነጭ ድብ ላለማሰብ ሞክሩ፣ ያ የተረገመ እንስሳ በየደቂቃው ይመጣባችኋል ይላል። ዌግነር ተማሪዎችን አንድ በአንድ ክፍል አስገብቶ «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ከመጣባችሁ ደወሉን ምቱ» አላቸው። ደወሉ ፋታ አጣ። ይባስ ብሎ በኋላ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ።

ድብ ለኔ ባዕድ ስለሆነ እኔ ሙከራውን በጅብ አደረግሁት። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ «ስለ ጅብ አላስብም» አልኩ። መጣ። ብቻውንም አልመጣም፤ ቤተሰቡን ይዞ ነው የመጣው። ለነገሩ የእኛ ኮንዶሚኒየም ከተማው ዳር ላይ ስለሆነ ጅቡ በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በአካልም ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይጮህ ነበርና ሙከራው ሳይንሳዊ ነው ለማለት ያስቸግራል።

መፍትሔውን ያየሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ከዕድራችን። አንድ እሑድ ጠዋት የዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሰብሳቢያችን ስለ ድንኳን ሸራ መቀደድ ሲናገሩ እየሰማሁ ነበር። ቀጥሎ ስለ ሁለት ብረት ድስት መጥፋት ሰማን። ቀጥሎ «ከቀብር የቀረ አባል ቅጣቱ ይጨመር ወይስ አይጨመር?» በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከዚያ «ልዩ ልዩ» ተባለና መዋጮ ከፍለን ተበተንን። ወደ ቤት ስመለስ ነው የገባኝ፦ የተነጋገርነው እኮ ስለ ሞት ነው! የሰው ልጅ ከሚፈራቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን በሰብሳቢ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ አስይዘን፣ በወር አንድ ጠዋት ተነጋግረንበት፣ ቀሪውን ወር ረስተነው እንኖራለን። በእኛ ሰፈር «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አላውቅም። ጥሩምባ የሚነፋው ይታወቃል፣ ድንኳኑን የሚተክለው ይታወቃል፣ ንፍሮውን የሚቀቅሉት ይታወቃሉ። ሞትን ያህል ነገር በወር አንድ ስብሰባ ከበቃው፣ መብራት መጥቶ ያቃጥለዋል እያልኩ የምፈራለት ፍሪጅ በምን ሒሳብ ነው ሌሊቱን ሙሉ ስብሰባ የሚያስቀምጠኝ?

ሽማግሌዎቻችን ጥርጣሬን ብቻ አይደለም ያወረሱን ማለት ነው፤ መዋጮውንና ቀጠሮውንም አውርሰውናል። እኛ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ይዘን መተዳደሪያ ደንቡን ረሳነው።

ፈረንጆቹም ዘግይተው እዚሁ ደርሰዋል። ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባል የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሁርና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተጨናቂዎችን «ጭንቀታችሁን ተዉ» አላሏቸውም። ያሏቸው «ቀጠሮ ስጡት» ነው። በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ የተወሰነ ቦታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና እስኪበቃችሁ ተጨነቁ፤ ከዚያ ውጪ ጭንቀት ሲመጣ ለቀጠሮው አቆዩትና ወደ ያዛችሁት ሥራ ተመለሱ አሏቸው። እንዲህ ያደረጉት ሰዎች ጭንቀታቸው ቀነሰ። ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። ጭንቀት አልጋ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ማዕድ ላይም ከመጣ ሁሉም ቦታ እሱን ያስታውሳል፤ አንድ ወንበር ከተሰጠው ግን ቀስ በቀስ ሌላውን ቦታ ይለቃል።

እኔም ጉባኤ አቋቋምኩ። ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ ቦታው በረንዳ ላይ፣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር። ሰብሳቢው እኔ፣ ጸሐፊው እኔ፤ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም። ከራት በኋላ ማድረግ ክልክል ነው፤ ወደ መኝታ የተጠጋ ስብሰባ አልጋ ላይ ይቀጥላልና። አልጋ ላይ መሰብሰብማ በደንቡ መሠረት ከአባልነት ያሰርዛል።

ደስ ያለኝ ግን ስብሰባው ሳይሆን ቀጠሮ መስጠቱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» ስባል ኖሬ፣ እኔም በተራዬ ለአንድ ፍጡር ይህን የማለት ወግ ደረሰኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ሳለሁ «ምድጃውን አጥፍተሃል?» የሚል ጭንቀት ብቅ ይላል። ኪሴ ውስጥ ካለችው ትንሽ ደብተር ላይ «ምድጃ» ብዬ እመዘግብና «ለ11 ሰዓት ተቀጥረዋል፤ ይመለሱ» እለዋለሁ። መጻፉ ግድ ነው፤ ካልተጻፈ እንዳይረሳ ብሎ በየአምስት ደቂቃው ይመላለሳል። ከተመዘገበ በኋላ ግን የሚገርመው ነገር እንደ እኔው ሁሉ አብዛኛው ባለጉዳይ ሳይመለስ ይቀራል። 11 ሰዓት ላይ ደብተሬን ገልጬ «ምድጃ» የሚለውን ሳየው፣ ቤቴ ቆሞ እኔም በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም።

የተመለሱት ላይ ግን ውሳኔ ይሰጣል። ውሳኔ ያልሁት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁጭ ብሎ መጨነቅና ጉባኤ መቀመጥ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነውና። ለእያንዳንዱ አጀንዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርባል፦ «በዚህ ሳምንት በእጄ ላደርገው የምችለው ነገር አለ?» ካለ፣ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚደረግ ይጻፋል። ከሌለ «ጉዳዩ ከጉባኤው ሥልጣን በላይ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል ይመራ» ተብሎ ይዘጋል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ይህንም ከመሥሪያ ቤት ነው የተማርነው።

ለምሳሌ አጀንዳ አንድ፦ ፍሪጅ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ያቃጥለዋል የሚል ስጋት። ውሳኔ፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ቤት የተገኘ ሰው ሶኬቱን ይንቀል። ተፈጻሚ ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ ስንት ጊዜ የተቃጠለ ፍሪጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

አጀንዳ ሁለት፦ የኑሮ ውድነት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ አጀንዳ ከጉባኤው ጠፍቶ አያውቅም። የምንዛሪውን ነገር ለሚመለከተው አካል መርተነዋል። «ዘይት ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ በጅምላ መግዛት» የሚለው ግን በእጃችን ስለሆነ ለባለቤቴ ተመራ። ባለቤቴ «መሪው ራሱ ይሸከመው» ብላ መልሳዋለች።

አጀንዳ ሦስት፦ አለቃዬ ዓርብ ማታ «ሰኞ የማነጋግርህ ነገር አለ» ብሎኝ ሄዷል። ይህን የሚያክል ዓረፍተ ነገር ለሰው ዓርብ ቀን መናገር በሕግ መከልከል አለበት። ቅዳሜን ተባርሬ ዋልኩ፤ እሑድን ሥራ አጥቼ፣ ቤት ለቅቄ፣ እናቴ ዘንድ ገብቼ አደርኩ። በጉባኤው ውሳኔ መሠረት «ደውለህ ጠይቅ» ተባለ። ደወልኩ። ለካ ዕቁብ ሊያስገባኝ ኖሯል።

አጀንዳ አራት ግን ቀልድ አይችልም፤ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የማያውቅ የ12ኛ ክፍል ወላጅ የለም። እዚህ ላይ «አትጨነቅ» የሚለኝ ሰው ሒሳብ አልተማረም። እንዲህ ያለው ጭንቀት ዕውነት አለው፤ ለሚመለከተው አካል አይመራም፣ የሚመለከተው አካል እኔ ነኝና። ግን ያም ሆኖ የእኔ እንቅልፍ ማጣት ለልጅቷ አንዲት የፊዚክስ ጥያቄ አልሠራላትም። ውሳኔው «ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ይፈለጉ፤ በምታጠናበት ሰዓት ቴሌቪዥን አይከፈት፤ አባት በየግማሽ ሰዓቱ በሩን እየከፈተ ‹ገባሽ?› አይበል» የሚል ነበር። የመጨረሻዋ አንቀጽ በተጎጂዋ ጥያቄ የገባች ናት።

ጉባኤው እየቆየ ሲሄድ ሁለተኛ ጥቅም አመጣ፤ መዝገብ። ጭንቀት ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ የራሱ ትንቢት ነው። ትናንት የተነበየው ሳይደርስ ሲቀር ይቅርታ ሳይጠይቅ ዛሬ ሌላ ይተነብያል። ደብተር ግን ያስታውሳል። በዚያው በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር፤ በብርቱ የጭንቀት ሕመም የተያዙ 29 ሰዎች ጭንቀታቸውን እየጻፉ፣ በኋላም ደረሰ አልደረሰ እያሉ አመሳከሩ። ከመቶው 91 ያህሉ ሳይደርስ ቀረ።

ይህን ለባለቤቴ በደስታ ነገርኳት። እሷ ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየችኝና «የቀሩት ዘጠኙስ?» አለች።

ይህን ጥያቄ በዕለቱ 11 ሰዓት ላይ ይዤ ቀረብኩ። በደብተሬ ላይ የደረሱትን ፈልጌ ሳያቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በደረሱ ጊዜ ተጨንቄ አላውቅም። ቧንቧው ፈነዳ የተባለ ቀን ባልዲ ይዤ እሮጥ ነበር፤ ለመጨነቅ ጊዜ አልነበረም። የደረሰ ችግር ሥራ አለው፤ ያልደረሰው ነው ሥራ ፈት ሆኖ ሰው ቤት የሚውለው።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ ትንሽ ልበል። ቤይለር በሚባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊን የተባለ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 57 ወጣቶችን ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ አጻፋቸው። ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ በመጪዎቹ ቀናት ሊሠሩ የሚገባቸውን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ፤ ዝርዝሩ ግልጽ በሆነ መጠን ደግሞ እንቅልፉ ፈጠነ። «የነገ ሥራ» ብሎ መጻፍ አይበቃም ማለት ነው፤ «ጠዋት የመብራት ክፍያ፣ ከሰዓት ጫማ ሰፊው ጋ» ተብሎ ይጻፍ። ይህችን እኔም አልተዋትም፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ እጽፋለሁ።

ቡናን በሚመለከት ሐሳብ መስጠት በሀገራችን አደገኛ ስለሆነ በቶሎ ላልፈው። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞ ይተኛል፤ ወይም አይተኛም። ልብ ድው ድው ሲል ጭንቀቱ ነው ወይስ ሁለተኛው ስኒ ብሎ መመርመር ተገቢ ነው። ይህን ባለቤቴ ፊት አልናገርም።

ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ከሳቡት በላይ ደግሞ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ልብን ያበርዳል፤ ታክሲ ተራ ቆሞም ይቻላል። እስከ ታክሲ ተራው በእግር መሄዱም ሌላው መድኃኒት ነው፤ ታክሲ በማይገኝባቸው ቀናት ደግሞ ሐኪም ሳያዝልን በብዛት እንወስደዋለን።

ጉባኤ የማይፈታው ጭንቀት መኖሩንም አልደብቅም። ለወራት ቀኑን ሙሉ የማይለቅ፣ ምግብና እንቅልፍ የሚከለክል፣ ሰውን ከሥራና ከሰው የሚያርቅ ሲሆን የሐኪም ነው። «አማኑኤል ሄደ» ብሎ ማማት የኖረብን ነውር ነው። ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ሰው ሊታከም የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጥርሱን ያመመው ሰው በረንዳ ላይ ተሰብስቦ አይድንም።

በቤታችን ጉባኤው ታወቀ፤ ታውቆም ተበላሸ። ልጄን «ለምን አመሸሽ?» ስላት «አባዬ፣ እሱ የ11 ሰዓት አጀንዳ ነው» ማለት ጀመረች። ባለቤቴ የቤት ኪራይ ሰብሳቢው ሲደውል «ለ11 ሰዓት ቅጠረው» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ቻልኩት። በመጨረሻ ግን እናቴ ልትጠይቀን መጣች።

11 ሰዓት ሲሆን ደብተሬን ይዤ ወደ በረንዳ ስወጣ «የት ነው?» አለች። አስረዳኋት። ቀጠሮውን፣ ደብተሩን፣ ግማሽ ሰዓቱን፣ የቦርኮቬክን ጥናት ሁሉ። በጥሞና ሰማችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ጀሪካን ላይ።

«እና ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን እስከ 11 ሰዓት ማን ይዞልኝ ሊቆይ ነው?»

«እማዬ፣ ትጽፊዋለሽ።»

«ጻፍ እንግዲህ። አንደኛ፣ አንተ ከስተሃል። ሁለተኛ፣ ይቺ በረንዳ ብረቷ ተወላግዷል። ሦስተኛ፣ ልጅቷ በጥናት ዓይኗ ጠፋ። አራተኛ፣ ያቺ ቨርጂኒያ ያለችው ሰሞኑን አልደወለችም…»

ጻፍኩ። ገጹን ገልብጬ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ በትሕትና «እማዬ፣ በደንቡ መሠረት ስብሰባው ተዘግቷል» አልኳት።

«ቁጭ በል!» አለች። «ገና እህትህ ጋ አልደረስኩም።»